የማይጨስ ከሰል

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር የላቀውን ከሰል ያልቀመሰ ምድጃ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሌላው ከሰል ሻጭ ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጣራ ላቀው ኬሻዎቹን ደርድሮ ዝም ብሎ ይቆማል። "የማን ነው?" ይላል ገዢ። "የላቀው።" በቃ፣ አለቀ! የላቀው ከሰል አይጨስማ። ዓይን አይለበልብ፣ ግድግዳ አያጠቁር፣ ነጠላ ላይ ሽታ አይተው። እሱም ሙያውን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው አልነበረም። "የኔን ከሰል አልጋችሁ ሥር አድርጋችሁ ተኙ፤ ማስነጠስ እንኳ አታስነጥሱም" ይል ነበር። ምነው ያን ጊዜ አፉን ይዞት በሆነ!

ምሥጢሩ ትዕግሥት ነው። ሌላው ሰው እንጨቱን ከምሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ፣ እሳት ለኩሶ፣ ጭሱ ገና ከነጭነቱ መሳሳት ሲጀምር ለገበያ ቸኩሎ ያፍነዋል። ልቡ ያልበሰለ ከሰል ይወጣለታል፤ ቤት ገብቶ ሲቀጣጠል የቀረውን ጭስ እዚያ ይጨርሳል። ላቀው ግን ጭሱ ጠርቶ እስኪጠፋ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይጨምርለታል። "ጭሱን ጫካ ጥዬላችሁ ነው የመጣሁ" ይላል ሲጠየቅ፣ ፂሙን እያሻሸ።

እናቱ እማማ ሀብትነሽ አብረውት ነበር የሚኖሩት። እሳቸውን አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው፦ ጋቢ አይለብሱም። ሐምሌ ሆነ ነሐሴ፣ ብርዱ አጥንት ቢሰብር፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት በአንዲት ስስ ነጠላ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ትንሹ ልጃቸው አንዷለም የወንድሙን የከሰል ክምር ከእሱ ጋር ሊጠብቅ ወደ ጫካው ሲሄድ "እማ፣ ጋቢዎትን ይስጡኝ" ብሏቸው ነበር። አዲስ ፈትል ነበርና ፍንጣሪ እንዳያበላሽባቸው ሳሱ፤ ከለከሉት። በማግስቱ ጠዋት ጫካው ውስጥ ካለችው ጎጆ ሬሳው ተገኘ። ያገኘው ላቀው ነው። "ብርድ መታው" ብሎ ለእናቱ የነገራቸውም ላቀው ነው። ከዚያ ወዲህ ጋቢ ትከሻቸውን ነክቶት አያውቅም። "እሱን በርዶት እኔን ምን ይሁን ብሎ ይሞቀኛል?" ይላሉ። ቄሱ ለመኗቸው፤ ጎረቤት ለመናቸው። ላቀው ግን አንድም ቀን "ይልበሱ" ብሏቸው አያውቅም። ይህችን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በገብርኤል ዕለት ነው። የላቀው ጎረቤት አስናቀው በሰባት ዓመት ጥበቃ ያገኘውን ወንድ ልጁን ክርስትና አስነሣ። አስናቀው ደግሞ ፍኖተ ሰላም ከአንድ ሆቴል ሸክላ ጥብስ በልቶ መጥቶ ልቡ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ሥጋው በሸክላ እየተንጫጫ፣ ከሥሩ ፍሙ እየጋለ፣ እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ ሳይቀዘቅዝ! "የኔ እንግዶች ከከተሜው በምን ያንሳሉ?" አለና አሥራ ሁለት ሸክላ ገዛ፤ ሁለት ሙክት ጣለ፤ ከላቀው ሁለት ኬሻ ከሰል አስመጣ። ጠላውን እንደ ልማዱ ትርሲት ጠመቀችው። ትርሲት ከአንከሻ በኩል ተድራ የመጣች፣ የአዊ አገው ተወላጅ፣ ባሏ ሞቶባት በጠላዋ የምትተዳደር ሴት ናት። የእድሩን ድግስ ሁሉ ጠላ ስምንት ዓመት የጠመቀችው እሷ ናት፤ አንድም ሰው ከንፈሩን ከፍቶ "ቀጠነ" ብሏት አያውቅም።

ድግሱ የተሰናዳው በዳስ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሊቀመጡ ሲሉ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ዳሱን በአንድ አፍታ አንኮታኮተው። ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ፣ ቀሚስ እየሰበሰበ፣ ሸክላውንም ምድጃውንም ጠላውንም ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ። የአስናቀው ቤት አዲስ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ግድግዳው በወፍራሙ የተመረገ፣ ቀዳዳ የለውም። ነፋሱ ዝናቡን ወደ ውስጥ ሲገርፈው በሩ ተዘጋ። የመስኮቱ መዝጊያ አልገጥም ሲል ኬሻ ተወተፈበት። አሥራ ሁለት ሸክላ ከነፍሙ፣ ሥጋ የሚጠበስበት ሁለት ትልልቅ ምድጃ፣ ስልሳ የሚሆን ሰው፣ በአንድ ቤት።

"ላቀው፣ እጅህ ይባረክ!" አሉ የእድሩ ዳኛ አያ አድማሴ፣ ጥርሳቸውን በሥጋ እያታገሉ። "ይህን ሁሉ ፍም ይዘን ቅንጣት ጭስ አላየንም እኮ! የሌላ ሰው ከሰል ቢሆን እስካሁን ዓይናችን ጠፍቶ ነበር።"

ላቀው ደረቱ ተነፋ። በሰው ፊት መመስገን ደስ ይላል፤ እኔም አልፈርድበትም።

በመጀመሪያ አንድ ሽማግሌ አንቀላፉ። "ጠላው ያዛቸው!" ተብሎ ተሳቀ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ያዙ። አንዱ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ አሁንም ተሳቀ፣ ግን ሳቁ ሳሳ። ከዚያ የሕፃኑ እናት፣ የአስናቀው ሚስት እናኑ፣ ጓዳው በር ላይ ከትልቁ ምድጃ አጠገብ ሥጋ ስታገላብጥ እንደ ቆመች ዘፍ አለች። ሕፃኑን ደግነቱ አክስቱ ወከባውን ሽሽት ቀድማ ወደ ቤቷ ወስዳው ነበር። "ኧረ በገብርኤል!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ያስመልሳል አንዱ፣ ይንገዳገዳል ሌላው፤ በሩ ተበርግዶ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ላቀውም ወጣ። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሁለት ጆሮ ግንዱን በመዳፉ ጨመቀ። እዚያ፣ ከጆሮው በላይ፣ የሆነ ነገር ድም ድም ይላል። አፉ ውስጥ ምንም ጣዕም የለም፤ እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆኗል። ይህን ሕመም ያውቀዋል። ክምር በከፈተ ቁጥር፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ቀን አናቱ ላይ ሲያጎነብስ፣ የሚይዘው ይኸው ነው። የሚያድነውም አንድ ነገር ነው፤ ሸሽቶ ነፋስ መቀበል። ማንም ሳይነግረው፣ ከራሱ ሁለት ኬሻ ከሰል እንደ መጣ አወቀ።

እናኑን በቃሬዛ አድርገው ወደ ፍኖተ ሰላም ሩጫ ያዙ። መንገድ ላይ ነፋሱና ዝናቡ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ገለጠች። ያያት የጤና ባለሙያ ትኩሳት አጣባት፣ ቁስል አጣባት። "ምን በላች? ምንስ ጠጣች?" ብሎ ጠየቀ። መጠየቁ ነው። ጥያቄው ግን መንደር ሲደርስ መልስ ሆኖ ቁጭ አለ፦ ጠላው ነው!

ኧረ ሰው! ትናንት ዋንጫውን ገልብጦ "ድገሚኝ" ያለው ሁሉ ዛሬ ጉሮሮውን ይዞ "እኔ እንኳ መጀመሪያ ስቀምሰው ጠርጥሬ ነበር" አለ። ጌሾው ውስጥ የተጨመረ አለ ተባለ። አንዷ ደግሞ ትርሲት ጋኑን ስታማስል በአገውኛ ስታንጎራጉር ሰምቻለሁ አለች። ያቺ ምስኪን ልጅ ሆና እናቷ ያስተማረቻትን ዘፈን ነበር የምታንጎራጉረው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንጎራጉራዋለች። አስናቀው ሊታረድ የተቃረበ በግ ይመስል ዓይኑ ፈጦ፣ "ሰባት ዓመት ጠብቄ ባገኘሁት ልጅ፣ በናቱ ላይ!" እያለ በየቤቱ ዞረ። አያ አድማሴም ከዚህኛው ሳይሆን ከሚቀጥለው እሑድ እድሩ ይሰብሰብ፣ ትርሲት ትጠየቅ፣ የምትለው ካጣች ትሰረዝ አሉ።

ከእድር መሰረዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ጠላሽን የሚገዛ የለም፤ እሳት የሚያስጭርሽ የለም፤ ስትሞቺም የሚቀብርሽ የለም።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ማክሰኞ ትርሲት ላቀው ደጅ መጣች። እሱ ከደጁ ዋርካ ሥር ኬሻ ይሰፋል። አልተቀመጠችም።

"አያ ላቀው፣ እርስዎም ጠጥተዋል።"

"ጠጥቻለሁ።"

"እኔ ነኝ የቀዳሁልዎ፤ ሁለቴ ነው የቀዳሁልዎ። እስቲ በገብርኤል ይንገሩኝ፣ ጠላዬ ውስጥ የማያውቁት ጣዕም አገኙበት? አገኘሁ ካሉኝ እኔው ራሴ እሄድላቸዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ቢዋሹ ምን ያገኛሉ?"

ላቀው ወስፌውን ኬሻው ላይ ሰካ፤ መልሶ ነቀለው።

"አላስታውስም" አለ።

ትርሲት "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

እማማ ሀብትነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። "ምነው ልጄ? 'ጥሩ ጠላ ነበር' ማለት ምን ገደደህ?" አሉት። "አንዷለም የሞተ ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ሦስቱንም ቀን እግሬን ያጠበችኝ እሷ ናት። ሰው የሆነች ሰው ናት።" ከነጠላቸው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ላቀው ቀና ብሎ አላያቸውም።

እናንተ ገበያው እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ከሰሉ ቢቀር ያርሳል፤ በቆሎ የሚያበቅል መሬት አለው። ያስፈራው አንድ ጥያቄ ነው። "ከሰሉ ነው" ብሎ አፉን የከፈተ ዕለት ቀጥሎ የሚመጣበት ጥያቄ። ከዚያች ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት ሸሽቷል፤ ከሰሉን አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እየጨመረ ያበሰለው፣ ጭሱን ሁሉ ያጠፋው፣ እሷን ያጠፋ መስሎት ነው። ቅዳሜ ገበያ አልወጣም። እህል አልቀመሰም። "ዝም ብል ማን ያውቃል?" ይላል ለራሱ፤ ወዲያው ደግሞ የትርሲት "እግዜር ይስጥልኝ" ጆሮው ላይ ይመጣበታል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ አስናቀው ቤት ተሰበሰበ። ዝናብ ስለሚያካፋ በሩ ተዘግቷል። ሠላሳ አባወራ ከነባለቤቱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ እማማ ሀብትነሽም በነጠላቸው ከሴቶቹ መካከል አሉ፤ ትርሲት ጋቢዋን ተከናንባ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ቆማለች። ላቀው ዘግይቶ ገባ። በአንድ እጁ ፍም የሞላ ምድጃ አንጠልጥሏል፤ በሌላው ብብቱ ውስጥ ቀይ ዶሮ ሸጉጧል።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አያ አድማሴ። "ስብሰባ ነው የጠራነው፣ ድግስ አይደለም!"

"ዶሮዋ ምስክር ናት፣ አያ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ላቀው አልሳቀም። ጥሬ ከኪሱ አውጥቶ በሰው ሁሉ ፊት መሬት ላይ በተነላት፤ ለቅማ በላች፤ ውኃ ሰጣት፤ ጠጣች። "ደኅና መሆኗን እዩልኝ" አለ። ከዚያ አስናቀውን አስፈቅዶ ጓዳ ገባ፤ ምድጃውን አንድ ጥግ አስቀመጠ፤ ዶሮዋን ሙቀቱ እንዳይነካት ከወዲያኛው ጥግ በቅርጫት ደፋባት፤ በሩን ዘግቶ ሥሩን በኬሻ ወተፈው። "አሁን ጉዳያችሁን ቀጥሉ።"

ቀጠሉ። አስናቀው ከሰሰ። ትርሲት በሚካኤል ማለች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። "ስምንት ዓመት አጠጣኋችሁ። ማንን ገደልኩ? ስሙን ጥሩልኝ" አለች። ስም የጠራ የለም፤ ግን ፊቱን ያበራላትም የለም። አንዱ ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሣል። እንዲህ ሲሉ አንድ ሰዓት ገደማ ሆነ። አያ አድማሴ ከዘራቸውን አንሥተው "እንግዲህ እድሩ..." ሲሉ ላቀው "አንድ ጊዜ ይታገሡኝ" ብሎ ተነሣ።

የጓዳውን በር በረገደ፤ ትንፋሹን ውጦ ገባ፤ ቅርጫቱን ገልጦ ወጣ። ዶሮዋ በእጁ ላይ አንገቷ ተንጠልጥሏል። አያ አድማሴ እግር ሥር አስቀመጣት።

"ይቺ ዶሮ የትርሲትን ጠላ አልጠጣችም" አለ።

አስናቀው ጎንበስ ብሎ ወደ ጓዳው አየ። "ጭስ እኮ የለውም!" አለ፣ ጭሱን ሰው የሰረቀበት ይመስል።

"የለውም። ለዚህ እኮ ነው። ጭስ ቢኖረው ያን ዕለት በሩን ትከፍቱት ነበር፤ ዓይናችሁን እየጠረጋችሁ፣ እኔን እየሰደባችሁ፣ ትከፍቱት ነበር። እኔ ጭሱን ነው ያጠፋሁለት። መርዙ ግን ያው ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚመጣ። ሥጋው ደኅና ነው፤ ጠላው ደኅና ነው። ያንን ሁሉ ፍም በር ዘግተን ታቀፍነው እንጂ።"

አስናቀው ወደ በሩ ሄደና ትርሲት ጉልበት ላይ ወደቀ። "ይቅር በይኝ፣ እቴ! አፌ ቁርጥ ይበል!" ሴቶቹ እልል ይበሉ ያልቅሱ ጠፍቷቸው ሁለቱንም አደረጉ። ትርሲት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፣ ፊቷንም በጋቢዋ ጫፍ ሸፈነች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለላቀው እንዴት በቀለለው። አያ አድማሴ ግን ዳኛ ናቸው። ዶሮዋን አዩ፤ ላቀውን አዩ።

"ላቀው፣ አንተ ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

መጣች፤ ያቺ ጥያቄ መጣች። ላቀው ለአያ አድማሴ አልመለሰም። ዞሮ እናቱ ፊት ተንበረከከ።

"እማ፣ አንዷለምን ብርድ አልገደለውም።"

ላቀው መሬት መሬቱን እያየ ቀጠለ።

"ይንቀጠቀጥ ነበር። አሳዘነኝ። በምድጃ ፍም ሞልቼ አስገባሁለት፤ ነፋስ እንዳይገባበት የጎጆዋን በር ከውጭ በኬሻ ደፍኜ ወደ ክምሩ ወረድኩ። ጠዋት ስከፍተው ተኝቶ አገኘሁት፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ሕይወት ያለው መስሎ። ምድጃውን ጫካ ጥዬው ነው የጮህኩት። ወንድሙን ገደለ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። 'ብርድ ነው' አልኩዎት። ስለ ጋቢው አላወቅሁም ነበር፣ እማ። ለቅሶው ላይ ሲያለቅሱ ነው የሰማሁት፤ ያን ጊዜ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።"

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ፊት አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት።

"ፍሙን ስታስገባለት ነቅቶ ነበር?"

"ነቅቶ ነበር።"

"ምን አለህ?"

"'ሞቀህ?' አልኩት። 'ሞቀኝ' አለኝ።"

"በአፉ?"

"በአፉ፣ እማ። እየሳቀ። 'አሁን ሞቀኝ፣ ሂድ' አለኝ።"

እማማ ሀብትነሽ አገጩን ለቀቁት። ከዚያ በዚያ በከሳ እጃቸው ጥፊ አጮሉት፤ አንድ ጊዜ፣ ከልባቸው። ሰው ሁሉ ደነገጠ።

"አሥራ ሁለት ዓመት አስበረድከኝ!" አሉ። እንባቸው ያን ጊዜ መጣ፤ እያለቀሱም "ሞቆት ነው የሄደ" ይላሉ፣ ደግመው "ለካ ልጄ ሞቆት ነው የሄደ" ይላሉ። ላቀው ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም።

ቆይተው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞሩ።

"ትርሲት፣ ልጄ፣ እስቲ ጋቢሽን ወዲህ በይ። በረደኝ።"

ትርሲት ተነሥታ ጋቢዋን ከራሷ አወረደች፤ ሁለት እጥፍ አድርጋ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። እማማ ሀብትነሽ ጫፉን ያዙና እስከ አገጫቸው ሳቡት። ጓዳው ውስጥ ምድጃው አሁንም እንደ ጋለ ነው።

"አንተ ደግሞ" አሉ ላቀውን፣ ሳያዩት፣ "ተነሥና በሩን ክፈተው፤ ሰዎቹን ትፈጃቸዋለህ እንዴ?"